ከዲምቱ ኮፈን ሥር

ሐጂ ከድሮ ማረፋቸውን የሰማሁት የሱቄ ቁልፍ አልከፍት ብሎኝ ስታገል ነው። አንድ ባለጋሪ ፈረሱን ሳያቆም ልጓሙን ሳብ አድርጎ «ሐጂ ሄዱ» አለኝና አለፈ። ሮቤ ላይ ሐጂ የሚባል ሰው በየመንደሩ አለ። የትኛው እንደሆኑ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

ቀብር ላይ ሰው ሁሉ የሚጠያየቀው አንድ ነገር ነበር።

«ታመው ነበር እንዴ?»

«ማን ነግሮን! አሁን በቀደም ፈረስ ተራ ቆመው ሲከራከሩ ነበር እኮ።»

«ሰው እንዲህ ለወዳጁ ሳይናገር ይሄዳል?»

እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ለእኔ ከባድ ሥራ ነው፤ የምበላው በአፌ ነው። የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ፣ ገዢና ሻጭም አገናኛለሁ። ትምህርቴን የጨረስኩት አውቶቡስ ተራ ነው፤ ያስመረቀኝ የለም፣ የጣለኝም የለም። ስለ ድለላ የማውቀውን ግማሹን ከመንገድ፣ ግማሹን ከሐጂ ተማርኩ። የሚያተርፈው ከመንገድ የተማርኩት ነው።

ሐጂ በጉብዝናቸው የፈረስ ደላላ ነበሩ። ዘመኑ ወደ መኪና ሲዞር እሳቸውም ዞሩ፤ ዓይናቸው ግን ከፈረስ ላይ አልተነሳም። የሚሸጥ መኪና ሲቀርብላቸው ይራገጥ ይመስል በኋላው በኩል አይጠጉም። በጎን መጥተው፣ በሩን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው፣ «ነጋ ነው?» ይሉታል፤ ሰላም ነው ወይ እንደማለት። ረጅም፣ ከሲታ ሰው ነበሩ። ቡልኳቸው ክረምት ከበጋ ከትከሻቸው አይወርድም። ብርድ ፈርተው ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የሥራ መሣሪያቸው ነው።

ይህን ያወቅኩት አንድ የገበያ ቀን ነው። ከዲንሾ የመጣ ገበሬ ዳማ ፈረስ ያስጎበኛል፤ አንድ ባለጋሪ ደግሞ ፈረሱን ወዶታል። ሰው ከቧቸዋል። ሐጂ ፈረሱን አንዴ ዞሩት። ከዚያ ቡልኳቸውን አውልቀው ከፈረሱ ጀርባ ላይ ጣል አደረጉ፤ የገዢውን እጅ ያዙና ከቡልኮው ሥር አስገብተው አንድ ቦታ ላይ አሳረፉት።

«እጅህ አየ?» አሉት።

ሰውየው በጣቱ ዳሰሰው። «አየ።»

በቃ። ሌላ ቃል አልወጣም። ዋጋው ወረደ፣ ፈረሱ ተሸጠ፣ ገበሬው አንገቱን ሳይደፋ ወደ ዲንሾ ሄደ። ፈረሱ ተሰብሮ የጠገነ የጎን አጥንት እንደነበረው ከገዢው በቀር ማንም አላወቀም።

«ሐጂ፣ ጉድለቱን በአፍ ቢናገሩት አይቀልም?» አልኳቸው።

«ያ ደሬ፣» አሉኝ (ስሜ ደረጀ ነው፤ «ያ» በኦሮምኛ መጥሪያ ናት)፣ «በአፍ የተነገረ ነውር ገበያው ሁሉ ይወስደዋል። በእጅ የተነገረ የገዢው ብቻ ነው። ሻጩም እኮ ነገ እዚሁ ገበያ ይመጣል።»

ደንቡ ይኸው ነበር። «አየ» ያለ ገዢ ነገ ተመልሶ «አታለላችሁኝ» አይልም። ስሞታ የለውም። በመኪናም ያንኑ ያደርጉ ነበር፤ ግጭቱ በእስቱኮ ልስን የተሸፈነ ፓራፋንጎ፣ ተሰብሮ በብየዳ የተቀጠለ ሻንሲ፣ ሁሉንም የገዢን እጅ መርተው ያስዳስሱታል። እኔ ብሆን ገዢ እጁን ኪሱ ውስጥ ቢያቆይ ነው የምመርጠው።

አሁን ወደ ዲምቱ ልምጣ። ሐጂ ባሰብኳቸው ቁጥር የምትመጣብኝ እሷ ናት።

ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይቱ ማለት ነው። ጎባ ላይ በጋሽ ሙሉጌታ ግቢ፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር የቆመች አሮጌ የጣሊያን ስፖርት መኪና ነበረች፤ ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም የማይቀረው። ጋሽ ሙሉጌታ፣ የመንግሥት ሾፌር የነበረ ሰው፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ ሐኪም ነው የገዛት። በሞተር ክዳኗ፣ በኮፈኗ ላይ፣ ወደፊት የተከፈተ፣ እንደሮጠ ፈረስ አፍንጫ ያበጠ የአየር ማስገቢያ አላት። የነገሩ ሁሉ መነሻ ያ አፍንጫ ነው።

የጎባ ሰው እንደሚለው ፋብሪካው ለተራራ እሽቅድድም ብሎ አፍንጫ ያላቸውን ጥቂት መኪኖች ብቻ ሠርቶ ነበር፤ ከእነዚያ አንዷ ዲምቱ ናት። «ጥቂት ማለት ስንት ነው?» ብለህ ብትጠይቅ መልሱ በየሻይ ቤቱ ይለያያል፤ በየዓመቱም እያነሰ ይሄዳል። በመጨረሻ እኔ ስሰማ እህቶቿ በሙሉ ገደል ገብተው ዲምቱ ብቻዋን ቀርታ ነበር።

ጋሽ ሙሉጌታ ሞተ። ባለቤቱ እትዬ አስቴር አዳማ ልጇ ጋ ልትሄድ ወሰነች። ይኸው ልጅ፣ ቴዲ፣ የዲምቱን ቪዲዮ ከነታሪኳ ስልክ ላይ ለቀቀው። ብዙም ሳይቆይ ከአዲስ አበባ አቶ ፍሬው የሚባል፣ አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ባለሀብት ደወለ። መጥቶ ሊያያት ቀን ተቆረጠ። ድለላውን የያዝነው እኔና ሐጂ ነበርን።

በዚያ ቀን ጠዋት ከሮቤ ወደ ጎባ ስንሄድ ጉሙ ከሳነቴ ተራራ ወርዶ መንገዱን ውጦታል። እኔ ደስታዬ አፌን አላስዘጋኝ ብሏል። ሐጂ ዓይናቸውን ከጉሙ ላይ አላነሱም። መሃል መንገድ ላይ የሐጂ ስልክ ጮኸ፤ ቴዲ ነው። ሐጂ ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁን ከፍ አድርገው ነው የሚያወሩት፤ እኔም ሰማሁ።

«ሐጂ፣ ሰውየው ባለሙያ ይዞ መጥቷል። ግን አገሩን ሲያጠያይቅ ሰነበተ መሰለኝ፣ 'ወረቀት ከሌላት የሐጂ ከድሮ ቃል ይበቃኛል' ብሏል።»

«እሺ።»

«የአባቴ ስም ዛሬ እርስዎ አፍ ላይ ነው ያለው። አይ ካሉ ግን ሐጂ፣ ከዛሬ በኋላ ደጃችንን አይርገጡ። እናቴ አባቴ ዋሽቶ ኖረ ሲባል ሰምታ አትተርፍም።»

ስልኩ ተዘጋ። እኔ እንደመሳቅ አልኩና «ልጁ ደግሞ ምን አስፈራው? እውነቱን እኮ ነው የሚነግሯቸው» አልኩ።

«አቁም» አሉኝ።

ዳር ይዤ ቆምኩ። ባጃጆች በጉሙ ውስጥ መብራታቸውን አብርተው ያልፋሉ። ሐጂ ወደፊት እያዩ ተናገሩ።

«ያ አፍንጫ ጎባ ነው የተሠራው።»

«ምን?»

«ሳነቴን ስትወጣ ትፈላበት ነበር። ሙሉጌታ አየር ትፈልጋለች አለና ኮፈኑን ቀደደው። ላሜራውን በፍም አግለን ቅርጽ የምናወጣበት ስናጣ የእኔን ኮርቻ አመጣን። ቆዳውን ገፈን እንጨቱ ላይ አስተኛነው። እኔ ያዝኩ፣ ሙሌ ቀጠቀጠ።»

«ታዲያ የፋብሪካው ወሬ?»

«አንድ ፈረንጅ ወደ ብሔራዊ ፓርኩ ሲያልፍ አያት። ተንበርክኮ ፎቶ አነሳት። 'ይህቺማ ከእነዚያ ከጥቂቶቹ ናት!' አለ በአስተርጓሚው። ሙሌ እኔን አየኝ፣ እኔም አየሁት። ሁለታችንም አላስተባበልንም። ለዚያች ቀን ብቻ መስሎን ነበር።»

ወሬው ግን የራሱን ጎማ ገጥሞ ሄደ። ሰው መጥቶ አብሯት ፎቶ ተነሳ። ሠርግ ላይ ሙሽራ ጫነች። ጋሽ ሙሉጌታ በስተርጅናው ከተማ ውስጥ ሲያልፍ ሰው የሚነሳለት ለሹፍርናው አልነበረም፤ የዲምቱ ባለቤት ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ማን መልሶ ያወርደዋል?

ጭንቅላቴ መሥራት ጀመረ፤ የደላላ ጭንቅላት ሲጨንቀው ነው የሚሠራው። «ሐጂ፣ ቀላል ነው። 'አላውቅም' ይበሉ። አላውቅም ውሸት አይባልም።»

ዘወር ብለው አዩኝ። «አዎ ብል ውሸት ነው። አላውቅም ብል ውሸትም ፍርሃትም ነው። አንዱ አይበቃህም?»

«አይ ካሉ ደግሞ ሙሌን ሁለተኛ ቀበሩት።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ፣ ያ ደሬ። ንዳ።»

ግቢው ሞልቶ ጠበቀን። ጎረቤቱ፣ እድርተኛው፣ መንገደኛው ሳይቀር በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ዲምቱ ከዳሱ ወጥታ፣ ታጥባ፣ ጉሙ ላይዋ ላይ ጠል አስቀምጦባት ታበራለች። ቴዲ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ አጠገቧ ቆሟል። እትዬ አስቴር በረንዳው ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተቀምጣለች።

አቶ ፍሬው ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ጫማው ጭቃ የማይፈራ ሰው ነው። ያመጣው ኢንጂነር ወጣት ነው፤ ማግኔት አስጠጋ፣ መብራት አበራ፣ ከመኪናዋ ሥር ገባ፣ ሊብሬውን ከሻንሲው ቁጥር ጋር አመሳከረ። ሲነሳ ሁሉም አፉን ጠበቀ።

«ቁጥሩ የተራዎቹ ነው» አለ። ቴዲ ፊቱ ተለወጠ። «ግን በዚህ ብቻ አይፈረድም። በዚያን ዘመን ፋብሪካው ተራውን አንስቶ ለእሽቅድድም የሚቀይርበት ጊዜ ነበር፤ መዝገቡ ላይ ያልሰፈረም አለ። ነውም አይደለምም ማለት አልችልም።» ኮፈኑን ወደላይ ከፍቶ በዘንጉ አቆመው። ውስጡ በወፍራም ጥቁር ጨርቅ ተለብጧል። «ይህን ብንቀደው የአፍንጫውን ጀርባ እናይ ነበር።»

«አይቀደድም» አለች እትዬ አስቴር ከበረንዳው። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማው። «እሱ በሕይወት ሳለ ያልተነካ፣ ዛሬ አይቀደድም።»

ኢንጂነሩ እጁን ሰበሰበ። ከአጥሩ ላይ አንዱ፣ «ሐጂ፣ እስቲ እንደ ፈረስ ጥርሷን ይዩላት!» አለ። ጥቂት ሰዎች ሳቁና ብቻቸውን መሳቃቸውን ሲያውቁ አቆሙ።

አቶ ፍሬው ወደ ሐጂ ዞረ። «ሐጂ፣ እውነቱን ልንገርዎ። የፋብሪካው ከሆነች ይህቺ መኪና አይደለችም፣ ቅርስ ናት። ካልሆነች ቆንጆ አሮጌ መኪና ናት። ሁለቱን የምከፍለው አንድ አይደለም። አንድ ቃል ብቻ ይበሉኝ፤ ይህን አፍንጫ የሠራው ፋብሪካው ነው?»

ከሩቅ የሆነ ቦታ የጋሪ ደወል ይሰማል። ሐጂ ዲምቱን ያያሉ እንጂ ሰውየውን አያዩም። እኔ በልቤ «አላውቅም ይበሉ፣ አላውቅም ይበሉ» እላለሁ።

«ይናገሩ እንጂ ሐጂ!» አለ ቴዲ። አንድ እርምጃ ቀረበ። የአንገቱ ሥር ተገትሯል።

ሐጂ ቡልኳቸውን አወለቁ። በዚያ ብርድ በሸሚዝ ሲቀሩ ምን ያህል እንደከሱ ያን ጊዜ አየሁ፤ አየሁና አለፍኩት። ቡልኮውን በተከፈተው ኮፈን ላይ ጣል አደረጉት። የአቶ ፍሬውን እጅ ያዙ። ሰውየው ግራ ተጋብቶ አየኝ፤ እኔ ዓይኔን ሰበርኩ። ሁለቱም ክንዳቸው እስከ ክርን ከቡልኮው ሥር ገባ።

ሐጂ መንገድ ላይ እንደነገሩኝ የጨርቁ አንድ ጥግ ሙጫው ለቋል፤ ይህን ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር። ከዚያች ጥግ ገብተህ ላሜራውን ከጀርባው ብትዳስሰው፣ የመዶሻው ጉድጓድ እንደ ፈንጣጣ ፊት ነው። የፋብሪካ ማተሚያ እንዲህ ያለ ጉድጓድ አይተውም። እጅ ነው የሠራው፤ ያውም የቸኮለ እጅ።

የአቶ ፍሬው ፊት መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ቅንድቡ ተሰበሰበ።

«እጅህ አየ?» አሉት ሐጂ። በዚህች ጥያቄ ላይ አንቱታ የለም፤ ለባለሀብትም ለባለጋሪም ያው ናት።

እሱ ገና ይዳስሳል። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ሰውየው አዲስ አበቤ ነው። ደንባችንን የት ያውቀዋል? «ምንድን ነው ይሄ?» ብሎ ቢጮህ፣ ኢንጂነሩን ጠርቶ ጨርቁን ገልጦ ቢያሳየው፣ የሙሉጌታ ስም እዚያው ጭቃው ላይ ይወድቃል፤ የሐጂም እግር ከዚያ ቤት ይቀራል።

«ምን እያሳዩት ነው?» አለ ቴዲ። «ሐጂ! ምን እያሳዩት ነው?»

ሐጂ አልዞሩም። የአቶ ፍሬውን እጅ እንደያዙ፣ በአገጫቸው ብቻ ወደ በረንዳው ጠቆሙ። ሰውየው ቀና ብሎ እትዬ አስቴርን አያት። ጥቁር ለብሳለች። ነጠላዋን አሁንም ከአፏ አላወረደችም። ረጅም ጊዜ ያያት መሰለኝ።

«አየ» አለ።

እጁን አወጣ፣ ጣቱን በመሐረቡ ጠረገ። «ዋጋውን ከእመቤቲቱ ጋር እንጨርስ።»

የጠራው ዋጋ የቅርስ አልነበረም፤ የቆንጆ አሮጌ መኪና ነበር። ቴዲ «ይህማ ስድብ ነው!» ብሎ ተንደረደረ። እናቱ ከበረንዳው ሳትነሳ፣ «ዝም በል አንተ። ሸጫለሁ» አለችው። ባለሀብት ገንዘቡን ይወዳል ተብሎ ታለፈ፤ የሀብታም ስስት ማንንም አያስገርም። ዲምቱ ጭነት መኪና ላይ ስትወጣ ከአጥሩ ያ ሰውዬ እንደገና ጮኸ። «ጌታው! የፋብሪካ ናት አይደል?»

አቶ ፍሬው ጋቢና ውስጥ አንድ እግሩን አስገብቶ ነበር። «ወንድሜ፣ ብዙ መኪና አይቻለሁ» አለ። «እንደዚህች ያለች አላየሁም።»

ግቢው አጨበጨበ። ቴዲ ሳይቀር አጨበጨበ። መጥቶም የሐጂን ትከሻ ሳመ።

ልንወጣ ስንል እትዬ አስቴር ሐጂን ጠራቻቸው። እኔም ተከተልኩ፤ ደላላ ካልተባረረ ይከተላል።

«ሐጂ፣ ኮርቻዎ ጓዳ ነው ያለው። ሙሌ ካረፈ ጀምሮ ልመልስልዎ እያልኩ ረሳሁት።»

ሐጂ ደነገጡ። «የቱ ኮርቻ?»

«የተቀጠቀጠበት ነዋ። ጠባሳው እንዳለ ነው።»

«አስቴር... ታውቂ ነበር?»

«ኧረ ሐጂ!» ነጠላዋን አወረደች፤ ለካ ስትስቅ ነበር፣ ዓይኗ ግን አልደረቀም። «ያን ቀን ፍሙን ተቀምጬ ያራገብኩላችሁ ማን መሰለዎ? ጨርቁንስ በሙጫ የለጠፈው ማን ይመስልዎታል? ጥጓ አልያዝልኝ ብላ ስንት ጊዜ መለስኳት!»

ሁለት ወንዶች አንድ ምስጢር ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁ ፍሙን ያራገበችውን ሴት ረስተዋታል። ሐጂ ቡልኳቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እናንተስ?» አለች።

ያን ቀን ስንመለስ ኮርቻው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ ሐጂ እስከ ሮቤ ድረስ ሳቁ። በመሃል ጎናቸውን ይይዛሉ። ሳቅ ነው ብዬ አለፍኩት።

ኮርቻውን ቤታቸው አላስገቡትም። ሱቄ በር ላይ፣ ግንድ ላይ አድርገው እሱ ላይ መቀመጥ ጀመሩ። ገዢ ሲመጣ «ይህ ምንድን ነው?» ይላል፤ እሳቸው «የጣሊያን ፋብሪካ ነው» ብለው ይመልሳሉ፣ ፊታቸውን ሳይፈቱ። በሕይወቴ ከእሳቸው አፍ የሰማኋት ብቸኛ ውሸት እሷ ናት፤ እሷም ማንንም አላታለለችም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከዐስር ሶላት ተመልሰው ተቀመጡ። ገበያ ቀዝቅዟል። እኔ አፌ አያርፍም፤ «ሐጂ፣ ቀበቶዎ አዲስ ቀዳዳ ፈልጓል እኮ፣ ምን እየበሉ ነው?» አልኳቸው። አልሳቁም። መንገዱን ግራ ቀኝ አዩ። ከዚያ እጄን ያዙ።

ከቡልኮው ሥር አስገቡት። በቀኝ ጎናቸው፣ ከጎድን አጥንታቸው ዝቅ ብሎ፣ አሳረፉት። ጠንካራ ነገር ነበር። በዚያ ከሲታ ሰውነት ላይ ያለ ቦታው የበቀለ፣ እንደ ድንጋይ የማይነቃነቅ ነገር። ላወጣ ስል አጥብቀው ያዙኝ፤ በደንብ እንድዳስሰው።

«እጅህ አየ?» አሉኝ።

ስንት ነገር ልል ነበር። ሐኪም፣ አዲስ አበባ፣ ልጆችዎ ያውቃሉ ወይ። መንገድ ላይ ሰው ያልፋል፤ ባለጋሪዎች እጃቸውን አንስተው ሰላም ይሏቸዋል፣ እሳቸውም በአገጫቸው ይመልሳሉ።

«አየ» አልኩ።

እጄን ለቀቁት። ቡልኳቸውን አስተካከሉና፣ ያ የዲንሾ ገበሬ ዘንድሮ ፈረስ ያወጣ እንደሆን ጠየቁኝ።

እና አሁን ሰው ሁሉ ሱቄ በር ላይ እየቆመ፣ «ምነው ሐጂ፣ ምነው ሳይነግሩን» ይላል። ማለት ይችላል፤ እሱ አልዳሰሰም። እኔ ግን «አየ» ብያለሁ፤ «አየ» ያለ ሰው ደግሞ ስሞታ የለውም። አንዳንድ ጠዋት ስሞታ በጣም ያምረኛል። ያን ጊዜ ኮርቻውን አንስቼ እወለውለውና ሱቄን እከፍታለሁ።